የድረ ገጽ ክብደት ስንት ነው?

ዝግተኛ ገመድ አልባ መስመር፣ የእጅ ስልክና የአማርኛ ገጽ

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነበት ሰሞን ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተፈታኞች የሚጠብቁት ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ ነበር። የአንድ ተማሪ ስም፣ የመለያ ቁጥርና በየትምህርቱ ያገኘው ውጤት ተጠቃልለው ቢጻፉ የደብተር ሩብ ገጽ አይሞሉም፤ በኮምፒዩተር መለኪያ ከ1 ኪሎ ባይት አይበልጡም። ይሁን እንጂ ውጤት በሚወጣበት በየትኛውም ዓመት ከአየር ጤና እስከ አለም ባንክ፣ ከቤቴል እስከ ኮልፌ አጠና ተራ ድረስ፣ በእጅ ስልኩ ላይ የምትሽከረከረውን ትንሽ ክብ እየተመለከተ የሚጠብቅ ወጣት ማግኘት አያስቸግርም።

ለዚህ ችግር ሁላችንም የምንሰጠው ማብራሪያ «ኔትወርክ የለም» የሚል ነው። ማብራሪያው ስሕተት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጉዳዩን ከመሠረቱ ብንመረምረው መዘግየቱ ከሦስት ቦታዎች እንደሚመነጭ እንረዳለን። አንደኛው በስልኩና በአንቴናው ምሰሶ መካከል ያለው አየር ነው። ሁለተኛው መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ የሚጓዘው መንገድ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የገጹ የራሱ ክብደት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአመዛኙ የተፈጥሮ ሕግና የከፍተኛ ገንዘብ ጉዳዮች ናቸው። ሦስተኛው ግን ገጹን በሚያዘጋጀው ሰው እጅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ሦስተኛውን ነጥብ፣ ከሁለቱ ጋር ካለው ዝምድና ጋር አያይዞ ማሳየት ነው።

አየሩ

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1997፣ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው ደግሞ በ1999 ነው። አራተኛው ትውልድ ኔትወርክ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ2015 ሲሆን፣ በ2022 አምስተኛው ትውልድ በመዲናዋ በሙከራ ደረጃ ተጀምሯል፤ በዚያው ዓመት ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛው ኦፕሬተር ሆኖ ገበያውን ተቀላቅሏል። ታዲያ ይህ ሁሉ ዕድገት ባለበት፣ የስልካችን ፍጥነት ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው፣ እንዲያውም ከሳሎን ወደ ጓዳ ስንሻገር ስለ ምን ይለዋወጣል?

መልሱ በሬዲዮ ሞገድ ባሕርይ ውስጥ ይገኛል። የሞገድ ርዝመት የሚገኘው የብርሃንን ፍጥነት ለድግግሞሹ በማካፈል እንደሆነ በፊዚክስ ትምህርታችሁ ታውቃላችሁ። በዚህ ስሌት የ900 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የ2 ሺህ 100 ሜጋ ኸርዝ ደግሞ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሞገድ የቆርቆሮ ክዳን ሲያገኝ ይንጸባረቃል፤ የብሎኬትና የአርማታ ግድግዳ ሲያገኝ ከፊሉ ይመጠጣል። ኮልፌ ቀራንዮን ለአብነት እንውሰድ። በስተሰሜን የእንጦጦ፣ በስተምዕራብ የወጨጫ ተራሮች ይገኛሉ፤ ሁለቱም ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። መሬቱ ከተዳፋት ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ ጥቅጥቅ ያሉ የቆርቆሮ ቤቶች ከኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ጋር ይፈራረቃሉ። ከምሰሶው የተነሣው ሞገድ ከክዳንና ከግድግዳ እየተንጸባረቀ በተለያየ መንገድ ወደ ስልኩ ሲደርስ፣ በአንዱ ነጥብ ላይ ሞገዶቹ ይደጋገፋሉ፤ በሌላው ይጠፋፋሉ። ስልክን ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት ወዲያ ወይም ወዲህ ማለት አንዳንድ ጊዜ መስመሩን የሚያሻሽለው ስለዚህ ነው። በአንጻሩ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የክረምት ዝናብ በእነዚህ ድግግሞሾች ላይ ራሱ የሚያደርሰው ቅነሳ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የሞገዱ ጥንካሬ ከፍጥነት ጋር ያለውን ግንኙነት በቀመር ያስቀመጠው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ ክሎድ ሻነን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናት እንደተገለጸው፣ አንድ መስመር በሰከንድ ሊያስተላልፍ የሚችለው ከፍተኛ የቢት መጠን በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በተመደበለት የድግግሞሽ ስፋትና የሲግናሉ ኃይል ከጫጫታው ኃይል ጋር ባለው ንጽጽር። የድግግሞሽ ስፋቱ 5 ሜጋ ኸርዝ ነው እንበል። ሲግናሉ ከጫጫታው 100 እጥፍ ሲበልጥ የፍጥነቱ ጣሪያ በሰከንድ 33 ሜጋ ቢት ገደማ ነው። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ጣሪያው ወደ 5 ሜጋ ቢት ይወርዳል። ሲግናሉ የጫጫታው አንድ አሥረኛ ሲሆን ደግሞ 0.7 ሜጋ ቢት እንኳ አይሞላም። ይህንን ጣሪያ ማንኛውም ኩባንያ፣ ማንኛውም መሐንዲስ ሊያልፈው አይችልም።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ይህ ፍጥነት የአንድ ሰው ሀብት ሳይሆን በአንድ ምሰሶ ሥር ያሉ ሰዎች ሁሉ የጋራ ማዕድ ነው። 5 ሜጋ ቢት ለ50 ሰው እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት ይደርሰዋል። አንድ ባይት 8 ቢት መሆኑን አስታውሱ። እንግዲህ 2 ሜጋ ባይት የሚመዝን ገጽ በዚህ ድርሻ ለመውረድ 160 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ 20 ኪሎ ባይት የሚመዝን ገጽ ግን 1.6 ሰከንድ ብቻ። አየሩ፣ ምሰሶውና ስልኩ አንድ ናቸው፤ የተለያየው ሸክሙ ነው።

ደርሶ መልሱ

እስከ አሁን የተነጋገርነው በሰከንድ ስንት ቢት ያልፋል ስለሚለው ነው። ብዙ ሰው የኢንተርኔት ፍጥነት ሲባል የሚመጣለት ይኸው ብቻ ነው። ነገር ግን ከዚህ የማይተናነስ ሌላ መለኪያ አለ፤ እርሱም አንድ መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው የደርሶ መልስ ጊዜ ነው።

አንዲት እናት ልጃቸውን ሱቅ ይልካሉ እንበል። መጀመሪያ «ጨው ገዝተህ ና» ይሉታል። ሲመለስ «ክብሪትም አምጣ» ይሉታል። ክብሪቱን ይዞ ሲደርስ «ለካ ዘይትም አልቋል» ይሉታል። ልጁ ሦስቱንም በአንድ ፌስታል መያዝ ይችል ነበር፤ የጎዳው የመሸከም አቅሙ ማነስ ሳይሆን የምልልሱ ብዛት ነው። ሱቁ ጎረቤት ቢሆን ነገሩ አያስጨንቅም፤ ሱቁ ሩቅ ሲሆን ግን ምሳው ያረፍዳል።

ስልካችንም አንድን ገጽ ለመክፈት እንደዚሁ ይመላለሳል። በመጀመሪያ የድረ ገጹ ስም በቁጥር የሚታወቅበትን አድራሻ ይጠይቃል። ቀጥሎ ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት ይመሠርታል። ከዚያም መልእክቱ በሌላ ሰው እንዳይነበብ የምስጠራ ስምምነት ያደርጋል፤ ይህ እንደ ሥርዓቱ አንድ ወይም ሁለት ደርሶ መልስ ይጠይቃል። ገጹን የሚጠይቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ፊደል ከመታየቱ በፊት ቢያንስ አራት ምልልስ ተደርጓል ማለት ነው።

ሱቁስ ምን ያህል ይርቃል? ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከዓለም ጋር የሚያገናኛት መስመር በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ውስጥ ገመዶች ይደርሳል። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ቢሆን ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 5 ሺህ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 53 ሺሕኛ ሰከንድ ነው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይዘረጋ ደግሞ ትክክለኛው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ስልኩ ሲግናል በደከመበት ቦታ ወደ ሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ከወረደ፣ በስልኩና በምሰሶው መካከል ያለው ምልልስ ብቻውን ግማሽ ሰከንድና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። አራት ምልልስ ሲደመር ሁለት ሰከንድ ያልፋል፤ ገና ግን አንድም ፊደል አልመጣም።

ከዚህም ሌላ የኢንተርኔት የማጓጓዣ ሥርዓት በጥንቃቄ የሚጀምር ነው። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ በሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ያለው መስመር በመጨናነቁ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት አሽቆለቆለ። ቫን ጃኮብሰን የተባለው ተመራማሪ ችግሩን መርምሮ በ1988 ያቀረበው መፍትሔ፣ ላኪው በጥቂት ጥቅሎች ጀምሮ መልስ ባገኘ ቁጥር መጠኑን እንዲያሳድግ የሚያደርግ ነበር። ዛሬ የተለመደው ጅማሬ 10 ጥቅሎች ነው፤ ይህም 14 ኪሎ ባይት ያህል ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ይዘት በ14 ኪሎ ባይት ውስጥ የተጠናቀቀ ገጽ በአንድ ደርሶ መልስ ሙሉ በሙሉ ይደርሳል። ከዚያ የሚበልጠው ሌላ ዙር ይጠብቃል። በተጨማሪም ይህ ሥርዓት የጠፋ ጥቅልን በአመዛኙ እንደ መጨናነቅ ምልክት ስለሚቆጥረው፣ በአየር ላይ በጫጫታ ምክንያት ጥቅል ሲጠፋ ፍጥነቱን ያለ ጥፋቱ ይቀንሳል።

ገጹ

ድረ ገጽን ለእጅ ስልክ የማስማማት ጥረት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ዋፕ የተባለው ሥርዓት ለትንንሽ ስልኮች ጽሑፍ ብቻ የያዙ ልዩ ገጾችን አቀረበ። በ2005 የሙከራ ሥራውን ጀምሮ በ2006 ለዓለም የተለቀቀው ኦፔራ ሚኒ ደግሞ ሌላ ዘዴ ተጠቀመ፤ ገጹን በመጀመሪያ የኩባንያው ሰርቨር ተቀብሎ ይጨምቀዋል፤ ወደ ስልኩ የሚላከው ጭማቂው ብቻ ነው። በአፍሪካ እጅግ የተወደደውም በዚሁ ምክንያት ነበር። የዓለም አቀፉ ድር ደረጃ አውጪ ድርጅት በ2008 ባወጣው የሞባይል ድር መመሪያ፣ ስለ ስልኩ ምንም በማይታወቅበት ጊዜ የገጹ ጠቅላላ ክብደት ከ20 ኪሎ ባይት እንዳይበልጥ መክሯል። በ2010 ኤታን ማርኮት የተባለው ንድፍ አውጪ አንድ ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን እንዲያስተካክል የሚያደርገውን አሠራር አስተዋወቀ፤ ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በዚህ መልክ ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የሐሳብ መምታታት አለ። በስክሪኑ ልክ መጥበብና ክብደት መቀነስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። 3 ሜጋ ባይት የሚመዝን ፎቶግራፍ በስልኩ ላይ የጣት ስፋት ሆኖ ቢታይም በአየሩ ላይ ያለፈው ሙሉው 3 ሜጋ ባይት ነው። ጋቢ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ቢገባም በሚዛን ላይ ያው ጋቢ ነው።

«ኔትወርኩ እየፈጠነ ስለሚሄድ ችግሩ በራሱ ጊዜ ይፈታል» የሚሉ አሉ። ያለፉት ዓመታት ልምድ ግን ይህን አይደግፍም። ዛሬ በዓለም ላይ ለስልክ የሚቀርብ መካከለኛ ድረ ገጽ ክብደቱ ከ2 ሜጋ ባይት ይበልጣል፤ ይህም ከ2008ቱ ምክር 100 እጥፍ ነው። መንገድ ሲሰፋ መኪና እንደሚበዛ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያውቃል። ፈጣን መስመር ያለው ሰው ልዩነቱን አያስተውለውም፤ ባለ ደካማ ሲግናሉና ጥቅል በብር እየገዛ የሚጠቀመው ተማሪ ግን እያንዳንዱን ሜጋ ባይት ከኪሱ ይከፍላል።

ፊደላችን በባይት ሲመዘን

የአማርኛ ገጽ የራሱ ታሪክና የራሱ ሒሳብ አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ለመጀመሪያው ክፍል 384 ቦታዎች ተመድበውለታል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ቁጥር አሰጣጥ ስለነበረው፣ ተመሳሳይ ፎንት የሌለው አንባቢ የሚያየው ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነበር። ከዚህ ለመሸሽ አንዳንድ ድረ ገጾች ጽሑፉን እንደ ሥዕል ያቀርቡ ነበር።

በድረ ገጽ ላይ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» 9 ባይት ነው፤ በላቲን ፊደል በአምስት ሆሄያት ቢጻፍ 5 ባይት ይሆናል። እንግዲህ አማርኛ በድር ላይ ውድ ነውን? አይደለም። አንደኛ፣ አንድ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ከላይ በጠቀስነው ክፍል ውስጥ የሁሉም ፊደላት የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ድግግሞሽ ደግሞ ሰርቨሮች ጽሑፍን ከመላካቸው በፊት ለሚጠቀሙበት የመጭመቂያ ዘዴ እጅግ የተመቸ ነው።

የእኛ ገጽ የሚከብደው በፊደላችን ምክንያት ሳይሆን ፊደላችንን ባለመጠቀማችን ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ማስታወቂያ ሲያወጡ ደብዳቤው በኮምፒዩተር ይጻፋል፤ ይታተማል፤ ይፈረማል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በኢንተርኔት ይለቀቃል። 300 ቃላት ያሉት ማስታወቂያ 1 ሺህ 500 ያህል ፊደል ቢኖረው 4 ሺህ 500 ባይት፣ ማለትም 4.5 ኪሎ ባይት ይመዝናል። የዚያው ወረቀት የስልክ ፎቶግራፍ 3 ሜጋ ባይት ቢሆን ክብደቱ ከ600 እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሥዕል ሆኖ የቀረበ ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ሶፍትዌርም በቀጥታ አያነበውም። ማኅተሙ ለእምነት አስፈላጊ እንደሆነ አይካድም። ነገር ግን ጽሑፉን በጽሑፍነቱ አስቀድሞ፣ ባለ ማኅተሙን ምስል ለሚፈልገው ብቻ ከሥር በማያያዣ ማስቀመጥ ይቻላል።

የሸክሙ ጉዳይ የሰርቨሩም ጭንቀት ነው። 900 ሺህ ተማሪ እያንዳንዱ 2 ሜጋ ባይት የሚመዝን ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ቢከፍት 1.8 ቴራ ባይት ይሆናል። ገጹ 10 ኪሎ ባይት ቢሆን ግን ጠቅላላው 9 ጊጋ ባይት ነው፤ ይህ በአንድ ፍላሽ ዲስክ የሚያዝ መጠን ነው። የፈተና ውጤት ከድረ ገጽ ሌላ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌግራም እንዲታይ መደረጉ በዚህ ረገድ አስተዋይ እርምጃ ነው። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ነው፤ በላቲን 160፣ በግዕዝ 70 ፊደል። ለጥቂት ቁጥሮች ግን ይበቃል።

ያልተቆጠሩት

ክሪስ ዘካሪያስ የተባለ የቀድሞ የዩቲዩብ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2012 የጻፈው አንድ ገጠመኝ አለ። 1.2 ሜጋ ባይት ይመዝን የነበረውን የቪዲዮ ማሳያ ገጽ ወደ 98 ኪሎ ባይት አወረደው። ለሙከራ ሲለቀቅ ግን የገጹ አማካይ የመክፈቻ ጊዜ በማጠር ፈንታ ረዘመ። ነገሩ ግራ አጋብቶት መረጃውን በአገር ከፋፍሎ ሲመለከተው ምሥጢሩ ተገለጠለት። ቀድሞ ገጹ ሳይከፈትላቸው ተስፋ ቆርጠው የሚተዉ የደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ የአፍሪካ፣ የደቡብ አሜሪካና የሳይቤሪያ ሰዎች አሁን ሊጠቀሙ ጀምረዋል። ለእነርሱ ገጹ ሁለት ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ ቀድሞ ግን ከሃያ ደቂቃ በላይ ይፈጅባቸው ስለነበር ጭራሽ ከቁጥር አይገቡም ነበር።

ለሳይንስ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ የልኬት ትምህርት የለም። መሣሪያችን የሚቆጥረው የገቡትን ብቻ ከሆነ፣ በር ላይ የቀሩት በአማካዩ ውስጥ አይታዩም። አንድ የድረ ገጽ ባለቤት «ተጠቃሚዎቼ ሁሉ ፈጣን መስመር አላቸው» ቢል፣ ምናልባት ፈጣን መስመር የሌላቸው ሁሉ ስለቀሩበት ይሆናል።

ምን እናድርግ?

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታል፣ ለባንክ ወይም ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ትሠራላችሁ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ለገጹ የክብደት በጀት ቁረጡ፤ ዋናው መረጃ በመጀመሪያዎቹ 14 ኪሎ ባይት ውስጥ ይግባ። ጽሑፍ በጽሑፍነቱ ይቅረብ፤ ሥዕልም በሚታይበት መጠን ልክ ተቀንሶ ይላክ። ዘመናዊ ስልኮች የግዕዝ ፊደል ይዘው ስለሚመጡ፣ በመቶ ኪሎ ባይት የሚቆጠር የጌጥ ፎንት ማስጫን አያስፈልግም። ለየብቻ የሚጠየቁ ፋይሎችን ቁጥር ቀንሱ፤ ልጁን ለጨው፣ ለክብሪትና ለዘይት ሦስት ጊዜ አትላኩት። ሰርቨሩ ጽሑፍን ጨምቆ እንዲልክ፣ ስልኩም አንድ ጊዜ የወረደውን ነገር እንዲያስቀምጥ አድርጉ።

ይህን ለመፈተሽ ውድ ቤተ ሙከራ አያሻም። በኮምፒዩተር ላይ የሚገኙ ብራውዘሮች ለገጽ ሠሪዎች ባዘጋጁት ክፍል ውስጥ የገጹን ክብደት፣ የጥያቄዎቹን ብዛትና እያንዳንዱ የወሰደውን ጊዜ ያሳያሉ፤ መስመሩን ሆን ብሎ የማዘግየት ምርጫም አላቸው። በእጅ ስልካችሁም የሲግናሉን ጥንካሬ በዲቢኤም ማንበብ ትችላላችሁ። ከቤት ውጭ −70፣ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር −110 ብታነቡ፣ የ40 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ኃይሉ 10 ሺህ ጊዜ አንሷል ማለት ነው። ገጻችሁን ለመመረቅ ከመቸኮላችሁ በፊት በዚያ በ−110 ቦታ ላይ፣ በአሮጌ ስልክ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ክፈቱት። እዚያ የሚከፈት ገጽ የትም ይከፈታል።